መቀነቱን የተቀበለው ጄኔራል

ጄኔራል ኬርቫዚክ ምሽጉን የከበቡት እንግሊዞች የላኩትን የእጅ ስጡ ወረቀት አነበበና ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«ይሄን ይፈርማል ብለው ሲልኩልኝ ማንን መስያቸው ነው?»

ምክትሉ ሻለቃ ሶርቢየር ወረቀቱን አነሳ። «ጌታዬ፣ ከዚህ የተሻለ ውል ከየት ይመጣል? ከበሮ እየመታችሁ፣ ሰንደቃችሁን እያውለበለባችሁ ውጡ ብለውናል። ፈረሶቹን በልተን ጨርሰናል፤ የቀረን የነቀዘ አተር ነው።»

«መጨረሻውን አንብበው።»

ሶርቢየር አላነበበውም፤ ያውቀዋል። ከፈረንሳዮቹ ጋር ምሽጉ ውስጥ የተከበቡት የአገሩ ተወላጆች፣ አቤናኪዎቹ፣ ውሉ አይመለከታቸውም ይላል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ምሽጉ ባለበት ሐይቅ ዙሪያ የማያውቅ የለም። ፈረንሳዮቹ በክብር ይወጣሉ፣ አቤናኪዎቹ ከነልጆቻቸው ይታረዳሉ።

ጄኔራሉን የያዘው መቀነት ነው። ከፈረንሳይ በመጣ ሰሞን፣ ገና የአገሩን ወግ ሳያውቅ፣ የአቤናኪው ሽማግሌ ፕላስዋ በጉባኤ መሐል ተነስቶ በነጭና በሐምራዊ የዛጎል ዶቃ የተሠራ መቀነት ዘረጋለት። እሱ ሞኙ ገጸ በረከት መስሎት ተቀበለ፤ እንዲያውም ለሚስቴ እልከዋለሁ ብሎ ደስ አለው። እዚያ አገር መቀነት የተቀበለ ሰው ከነቃሉ ነው የሚቀበለው፤ ጠላትህ ጠላቴ፣ ልጅህ ልጄ ማለት ነው። ወጉን ሲነግሩት ቆሽቱ አረረ። ግን አልመለሰውም። ከዚያ ወዲህ እነዚያ ሰዎች ስንቱን ጫካ አብረውት ዞሩ፣ ስንቱም ከጎኑ ወደቀ!

ፕላስዋ ወሬውን ሰምቶ መጣ። በጉባኤ ወግ ጄኔራሉን «አባታችን» ይለዋል፤ በዕድሜ ግን ይበልጠዋል፣ በዚሁም ሲያሾፍበት ይኖራል።

«እህ፣ ከእኔ የምታንሰው አባቴ! ከስተሃል እኮ። የፈረስ ሥጋ አልተስማማህም?»

«አንተ ደግሞ ጥርስ ሳይኖርህ በምንህ በላኸው?»

ሽማግሌው ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ዋጥ አደረገ። «በል መቀነቱን መልስልኝ። የመለሰ ሰው አይወቀስም፣ ወጋችን ነው። እኛ በደንገሉ ውስጥ ሾልከን እንሄዳለን።»

«የሚያጠቡት ሴቶችስ? ሕፃን ይዘው ሊሾልኩ ነው?»

ፕላስዋ ሴቶቹ ወዳሉበት ዞሮ አየ።

«አየህ? አልመልስም። ከቻልክ ና ንጠቀኝ!»

ሶርቢየር ከኋላ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብሎ አጉረመረመ።

«ሰምቼሃለሁ ሶርቢየር። ሞኝ መሆኔን ካመንኩ ቆየሁ።»

ከሰዓት በኋላ የእንግሊዞቹ መልእክተኛ ሻምበል ሃዝልዲን ነጭ ጨርቅ አስይዞ ገባ። ጄኔራሉ እንዲቀመጥ እንኳ አላለውም።

«አቤናኪዎቹ ከነመሣሪያቸው በታንኳቸው ይሄዳሉ። እምቢ ካላችሁ የባሩድ ቤቱን ለኩሼ ምሽጉን ዐመድ አደርግላችኋለሁ።»

ሃዝልዲን ፈገግ አለ። «እሺ፣ ይሂዱ። ክብራችሁን ግን በነሱ ፈንታ እንወስዳለን። ከበሮ የለም፣ ሰንደቅ የለም፣ ከወገብዎ የታጠቁት ሻሞላም እዚሁ ይቀራል። እንደ ሌባ ነው የምትወጡት።»

የፈረንሳይ መኮንን ይህን ከመቀበል ሞቱን እንደሚመርጥ ሃዝልዲን ያውቃል፤ ተንኮሉም እዚህ ላይ ነው። የጄኔራሉ ፊት ደም መሰለ። ፓሪስ ላይ ማዕረጉን ገፈው ወህኒ እንደሚጥሉት አልጠፋውም። አፈረ፤ ከልቡ አፈረ።

«ጻፈው» አለ።

«ጌታዬ!» ሶርቢየር ጮኸ። «ስማችን ሊጠፋ ነው!»

«ይጥፋ! ለስሜ ብዬ ሕፃን ላሳርድ?»

በማግስቱ ማለዳ አቤናኪዎቹ ከነልጆቻቸው ታንኳ ላይ ወጡ። የፈረንሳይ ወታደሮች ጠመንጃቸውን ከምረው አንገታቸውን ደፍተው ሲያልፉ እንግሊዞቹ አፏጩባቸው። ሃዝልዲን ሐይቁ ዳር ለቆመው ጄኔራል እጁን ዘረጋ።

«ሻሞላዎን።»

«ቆይ።»

«ውሉ እኮ...»

«ቆይ አልኩህ! መድፎችህን ወደ ሐይቁ ማዞርህን ያላየሁ መሰለህ? ታንኳዎቹ ሳይርቁ አንድ ጥይት ቢተኮስ ይሄ ሻሞላ አንተ ሆድ ውስጥ ነው የሚገባው።»

ሃዝልዲን ወታደሮቹን ጠራ። ያኔ ሶርቢየር፣ ዓይኑ በልቅሶ ያበጠው ሶርቢየር፣ መጥቶ ከጄኔራሉ ጎን ቆመ። የራሱን ሻሞላ ገና አልፈታም።

«እኔም አልቸኮልኩም» አለ።

ከኋላቸው ፈረንሳዮቹ ወታደሮች ባዶ እጃቸውን ቆሙ። እንግሊዞቹ ቢገፏቸው፣ በሰደፍ ቢመቷቸው፣ ማን ንቅንቅ ሊል! የፕላስዋ ታንኳ የመጨረሻዋ ነበረች፤ ቀስ እያለች ከድንጋያማው ጥግ ጀርባ ተሰወረች።

ጄኔራል ኬርቫዚክ ሻሞላውን ፈታ።

«እንካ» አለው። «ነገም ክብርህ ወይስ እነሱ ብለህ ብትጠይቀኝ መልሴ ይኸው ነው።»