ፊት አዙሮ ማጠብ

እንደ ፈረንጆቹ በዘጠና ስድስት፣ ለንደን ውስጥ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል አካባቢ ቤት ለቤት እየዞርኩ አረጋውያንን አጥብ ነበር። ሥራውን ያስገባችኝ የካሌዶኒያን ሮድ ጎረቤቴ መይሙና ናት። «ሐረገወይን ምላሷ ይከፋል እንጂ እጇ ደግ ነው» ብላ ለቀጣሪው ቢሮ ነገረችልኝ። ስለ ምላሴ ልክ ነበረች።

ከማጥባቸው አንዷ ሰባ አራት ዓመት የሆናቸው ሚስ ዊኒፍሬድ ነበሩ፤ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ። በልቤ እማማ ዊኒ እላቸዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው እንኳ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ሊፕስቲክ ተቀብተው ጠበቁኝ። ልብሳቸውን ሳወልቅላቸው ግን ገላቸው የወንድ ገላ ነበር። ማንም አልነገረኝም። ቢሮው የሰጠኝ ወረቀት ላይ ያለው «ሻወር፣ ቁርስ፣ መድኃኒት» ብቻ ነው።

እኔም ያደግሁበትን አደረግሁ። ሴምና ያፌት የአባታቸውን ዕራቁት ላለማየት ፊታቸውን አዙረው እንደ ሸፈኑት እየተነገረኝ ነው ያደግሁት፤ የትልቅ ሰው ገላ ትኩር ተብሎ አይታይም። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ በዳበሳ አጠብኳቸው። እንዲህ እያልኩ ሦስት ሳምንት አለፈ። እንዴት ያለሁ ጨዋ ነኝ እያልኩም ራሴን አመሰግን ነበር።

በአራተኛው ሳምንት እማማ ዊኒ አልታጠብም አሉ። እኔንም ሌላ ሰውንም እምቢ አሉ። በዚሁ ከቀጠሉ ከቤታቸው ወጥተው የአረጋውያን መጦሪያ መግባታቸው ነው፤ የተገኘላቸው አልጋ ደግሞ የወንዶች ክፍል ውስጥ ነበር። ሠላሳ ዓመት በሴትነት ለኖሩ ሰው!

ቢሮው ተደናግጦ አጣቢዎቹን አሥራ ሁለታችንንም ለስልጠና ጠራን። እንደ እማማ ዊኒ በወንድ ገላ ተወልደው ሴት የሆኑትን፣ የዚያንም ተቃራኒ፣ ከሁለቱም ወገን ያልሆኑትንም እንዴት መንከባከብ እንደሚገባ ልንማር። እያጉረመረምኩ ሄድኩ። አሰልጣኟ ነርስ አትገምቱ፣ ጠይቁ፤ በሚፈልጉት ስም ጥሯቸው፤ የሰውን ምስጢር ለጎረቤት አታውሩ አለችን። ይሄ ምኑ ስልጠና ነው፣ እናቴም ታውቀዋለች ብዬ ብስኩቴን በላሁ። ከዚያ በሩ ተከፈተና እማማ ዊኒ በተሽከርካሪ ወንበር ገቡ፤ ለካ ቢሮው እንዲናገሩ ጋብዟቸው ነበር።

በዝግታ ነበር የሚናገሩት። በጦርነቱ ዘመን መርከበኛ ነበሩ። በአርባ አራት ዓመታቸው ቀሚስ ለብሰው ከቤት ሲወጡ እናታቸው ፊታቸውን አዞሩባቸው። ወንድማቸውም፣ ቄሱም፣ ዳቦ ሻጩም አዞሩባቸው። በማግስቱ እሳቸው ያንኑ ቀሚስ ለብሰው እዚያው ዳቦ ቤት ሄዱ። በሦስተኛውም ቀን ሄዱ።

እኔ ድንበር በእግሬ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ሽፍታም አይቻለሁ፣ ጥምም አውቃለሁ፤ ጀግንነት ምን እንደሆነ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ያን የዳቦ ቤት በር ሁለተኛ ቀን ለመግፋት ግን ወኔው አይኖረኝም። አፌን ከፍቼ አየኋቸው። እግዜር እንዲህ ያለ ሰውም ፈጥሯል ለካ!

«የመንገድ ሰው ፊቱን ሲያዞር ለምጄዋለሁ» አሉ። «በገዛ መታጠቢያ ቤቴ ውስጥ ግን አልቻልኩም።»

ስሜን አልጠሩም። ዝም ብዬ መቀመጥ እችል ነበር፤ ፊቴን ማዞሬን መይሙናም እንኳ አታውቅም። ተነሣሁና እኔ ነኝ አልኩ። በአገሬ ፊት ማዞር ማክበር መሆኑን፣ የሴምንና የያፌትን ነገርም በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ አስረዳሁ። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ማክበር ብቻ ነበር?» አሉኝ።

«አይደለም» አልኩ። «ግማሹ ድንጋጤ ነው።»

 እማማ ዊኒ ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ደንግጠሽ ብታዪኝ ይሻለኛል» አሉ። «ነገ ጠዋት ነይ።»

በማግስቱ ሄድኩ። ልብሳቸውን አወለቅሁላቸውና አየኋቸው፤ ትከሻቸውን፣ ሆዳቸውን፣ ሁሉንም። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

«ምን ታያለሽ?» አሉ።

ወገባቸው ሥር ቆዳው ቀልቶ ሊላጥ ደርሷል። ብዙ የሚቀመጥ ሰው የሚያወጣው፣ ካመረቀዘ የሚገድል ክፉ ቁስል ነው፤ የዛሬ ብቻም አይደለም። ሦስት ሳምንት በእጄ አልፌበታለሁ። በዚያ በማመሰግነው ጨዋነቴ እማማ ዊኒን ልገድላቸው ነበር።

«ቁስል ጀምሮዎታል» አልኩ። «ቀድሜ ማየት ነበረብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ሌላስ?»

እንደገና አየሁ። «ሌላ ምንም የለም። ክርንዎ ደርቋል፣ ቅባት ይፈልጋል።»

ዓይናቸውን ገለጡ። መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ፤ ውሃው እስኪቀዘቅዝ አለቀሱ። እጃቸውን ይዤ ተቀመጥኩ።

«ቁስሉን የምታይ ነርስ ጥሪልኝ» አሉ በመጨረሻ። «ለቢሮውም ደውዪና ነገም ሐረገወይን ናት የምታጥበኝ በያቸው።»