ከሦስተኛው ውሃ ወዲያ

ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የጤና ጣቢያችን ወለል የመረጃችንን ቅርፅ ያዘ። ግድግዳው እንዳለ ነው፤ ጣሪያውም። የተንቀሳቀሰው ወለሉ ብቻ ነው።

ነገሩ ቀላል ነው፤ ላስረዳ። የሁለት መቶ አርባ ልጆችን ጥርስ አይተናል። ሰማንያው የወንዝ ውሃ ይጠጣሉ፣ ሰማንያው በእጅ ከተቆፈረ ጉድጓድ፣ ሰማንያው ደግሞ በማሽን ከተቆፈረው ጥልቅ ጉድጓድ። ጥርሳቸው የበለዘው ከወንዞቹ አራት፣ ከእጅ ጉድጓዶቹ ሃያ ሁለት፣ ከጥልቁ ሃምሳ አንድ ናቸው። ሶፍትዌሩን የጠየቅኩት ቡድኖቹ ይለያያሉ ወይ ብዬ አይደለም፤ ያንንማ ማንም ያየዋል። ውሃው ከጥልቅ በወጣ ቁጥር የበለዘው ጥርስም ደረጃ በደረጃ ይበዛል ወይስ አጋጣሚ ነው? ጥያቄዬ ይኼ ነበር። የጣቢያው መረጃ መዝጋቢ ነኝ፤ ስሌት ያስተማረኝ የለም፣ ከስልኬ ነው የተማርኩት።

መጀመሪያ ተሳሳትኩ። ቡድኖቹን በተመዘገቡበት ቀን ቅደም ተከተል አስገባኋቸው፤ ወንዙ መሃል ገባ። ወለሉ መሃሉ ላይ ጎደጎደና ወንበሮቹ፣ የሕፃናት ሚዛኑና የጣቢያው ኃላፊ ሲስተር ሸምሲያ አንድ ቦታ ተከማቹ።

«አንተ ልጅ፣ አስተካክለው እንጂ!» አሉኝ፣ ሚዛኑን እንዳቀፉ።

ወንዝ አንድ፣ የእጅ ጉድጓድ ሁለት፣ ጥልቁ ሦስት ብዬ ደግሜ ተጫንኩ። ወለሉ ከበሩ እስከ መስኮቱ ወጥ ዳገት ሆነ። እንዲህ ያለ የጠራ ነገር በሕይወቴ አላየሁም። 

«አጋጣሚ አይደለም» አልኩ ቀስ ብዬ።

ከውሃ ጽሕፈት ቤት አቶ ገዝሙ የመጡት ያኔ ነው። ሐሙስ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከጥልቁም የጠለቀ አዲስ ጉድጓድ ሊከፈት ነው፤ ፈራሚው እሳቸው ናቸው። ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ በውሃው ውስጥ ምን ያህል እንዳለ የሚነግረን ምርመራ ገና ከከተማ አልመጣም።

«ይኼ ወለል ድሮም ጠማማ ነው» አሉ የበሩን እጀታ ጨብጠው።

«ትናንት እኔው ወልውዬዋለሁ» አሉ ሲስተር። «ባልዲዬ የትም አልሄደችም።»

«አዲሱን ጉድጓድ መች አያችሁት? በሦስቱ ውሃ ነው የምትከሱኝ?» አሉ አቶ ገዝሙ።

«እውነትዎን ነው» አልኩ። «ስሌቱ ከሦስቱ ወዲያ ስላለው ምንም አይልም። ግን ይመልከቱ፣ ዳገቱ አልቆመም።»

አልቆመም ነበር። በመስኮቱ ወጥቶ፣ በቆርቆሮ ጣሪያዎቹ ላይ አልፎ ወደ ትምህርት ቤቱ ይሄዳል።

አቶ ገዝሙ ጫማቸውን አውልቀው እስከ መስኮቱ ወጡ። ተከተልኳቸው። ውጭ፣ ዳገቱ ላይ፣ ልጆች ተሰልፈዋል። ሁሉም አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነዋል። የፊተኛዋ ልጅ ግንባርና ጆሮ ቁርጥ የአቶ ገዝሙ ነው።

«ልጅ አለዎት?» አልኳቸው።

«ባለቤቴ ሰባተኛ ወሯ ነው» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ።

 ከዚያ የአዲሱን ጉድጓድ መክፈቻ ወረቀት ከኮታቸው ኪስ አወጡ፤ መስኮቱ ላይ አስደግፈው «የምርመራው ውጤት እስኪደርስ አይከፈትም» ብለው ጻፉና ፈረሙ።

ልጅቷ እጇን አወረደች። ጥርሷ ነጭ ነበር። ከኋላዋ ያለው አወረደ፤ ከእሱም ኋላ ያለችው። ሰልፉ በየተራ እየነጣ ከትምህርት ቤቱ አለፈ፣ ከኮረብታው አለፈ፣ ዓይን እስከሚያየው ሄደ። ነፋሱ ዛፎቹን ያወዛውዛል፤ የልጆቹን ልብስ ግን አይነካም። ፈገግ ብለው ያዩናል። ማናቸውም ገና አልተወለዱም።