እዚህ በልቶ እዚያ የሚጮኽ

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ። ልብስ ሰፊዋ ግን ሰው ይህን ሲተርት በሰማች ቁጥር ከንፈሯን ትነክሳለች። የእሷ ውሻ የሚበላው ከእሷ እጅ፣ የሚጮኸው ለባሏ ነዋ!

ውሻው ዳኛው ይባላል። ስሙን ያወጡለት ልጆቿ ናቸው። ገና ቡችላ ሳለ፣ እነሱ ሲጣሉ መሃላቸው ቁጢጥ ይልና አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ እያየ ክርክር የሚሰማ ይመስል ነበር። ልጆቹ አድገው፣ ትዳር ይዘው፣ ሁሉም በየፊናው ሲሄድ ዳኛው ብቻ ቀረላት። ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናዋ ስር ይተኛል። እሷ በቀኝ እግሯ ፔዳሉን ስትረግጥ እሱ አገጩን በግራ እግሯ ላይ ጣል ያደርጋል። ልብስ ሊለካ የመጣ ደንበኛ ሁሉ፣ "ይሄ ውሻ ነው ወይስ ነጠላ ጫማ?" እያለ ይስቅ ነበር።

ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ዕድሜውን የጨረሰው መንገድ ላይ ነው። ወደ ቤት ብቅ የሚለው እንደ እንግዳ፣ ሲመጣ ደግሞ እንደ ንጉሥ። ክላክሱ ከመታጠፊያው ላይ ሲሰማ ልጆቹ ማንኪያቸውን ወርውረው ይሮጣሉ። ኪሱን ከረሜላ፣ አፉን ወሬ የሞላው አባት! ለክትባት የምትወስዳቸው እሷ፣ አፍንጫቸውን ይዛ መራራ መድኃኒት የምትግታቸው እሷ፣ ጥናት ላይ የምትጮኽባቸው እሷ። ከዚያ ታዲያ፣ "ቆይ፣ አባዬ ሲመጣ እነግርብሻለሁ!" ይሏት ነበር። ቅር ይላታል፤ ግን እናት አይደለች? ዋጥ ታደርገዋለች።

ኋላ ሹፌሩ ጡረታ ወጣና ቤት ተቀመጠ። ተቀመጠ እንበል እንጂ የመንገድ ሰው የት ይቀመጣል? ሲነጋ ይነሳና፣ "ና እስቲ ጎበዝ፣ አየር እንቀበል" ብሎ ዳኛውን አስከትሎ ውልቅ ይላል። ይሄዳሉ፣ ይሄዳሉ፣ ረፋዱ ላይ ሁለቱም ምላሳቸውን አውጥተው ይመለሳሉ። ብዙም ሳይቆይ ውሻው ከስፌት መኪናው ስር ለቀቀና ከሹፌሩ ወንበር ስር ሰፈረ። ሹፌሩ ቁልፉን ቅጭል ሲያደርግ፣ ያ ሽማግሌ ውሻ ያረጀ ወገቡን እየጎተተ በሩ ላይ ይገኛል።

ልጆቼ፣ ቅናት ለሙሽሮች ብቻ የተሰጠ እንዳይመስላችሁ።

"አሁንማ የእኔ እግር ሸተተው" ትላለች ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

"ማን?"

"ማን ይሆናል፣ ጓደኛህ ነዋ።"

"አንቺ ሴት፣ በውሻ ትቀኛለሽ?"

"እኔ? በውሻ? ኧረ ወዲያልኝ!"

ቀናች እንጂ! አንጀቷ እርር እስኪል ቀናች።

መክሳቱን መጀመሪያ ያወቀችው እሷ ናት፤ ያወቀችውም በእጇ ነው። ብርድ ሲመጣ ከአሮጌ ብርድ ልብስ የሰፋችለት ካፖርት ነበረው፣ ሆዱ ስር በቁልፍ የሚያያዝ። አንድ ጠዋት ስታለብሰው ካፖርቱ ወደ ጎን ዞረ። ጎኑን አጠበበችው። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ዞረ፤ እንደገና አጠበበችው። ሦስተኛ ጊዜ ስታጠብበው መርፌው ድርብርብ ጨርቁ ላይ ተሰበረ። ያኔ ካፖርቱን አስቀምጣ ውሻውን ዳሰሰችው። ጎድኑ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

"አስሩጠህ አስሩጠህ ጨረስከው!" ብላ ባሏ ላይ ጮኸች።

"እኔ ምን አደረግኩት? የእግር መንገድ ነው። አንቺ ነሽ ምግቡን የቀነስሽበት።"

"እኔ? ከእኔ ምግብ ከስቶ የወጣ ማን አለ? ራስህን በመስታወት እይ!"

እውነቷን ነው፣ ሹፌሩ ሆዱ ከፊቱ ይቀድማል። ዳኛውም ቢሆን መብላቱን አላቆመም። ሳህኑን ጥርግ አድርጎ ይልሳል። ውሃውንማ አይጣል ነው፤ ሳህኑ ገና ሳይሞላ ያልቃል። ሌላም ነገር መጣ። በዕድሜው ሙሉ ጨዋ የነበረው ውሻ የደንበኛ ሱሪ ላይ ሸና። ልብስ ሰፊዋ ሱሪውን እያጠበች፣ "ባጎረስኩ ተነከስኩ" ብላ አንጎራጎረች።

ባለሱቋ ጎረቤታቸው ደግሞ አፏ አያርፍም። "እትዬ፣" አለቻት በበር ሲያልፉ አይታ፣ "ልብስ ማጥበብ አልበቃ ብሎሽ ውሻውንም ታጠብቢው ጀመር?"

ሴትየዋ ሳቀች፣ ግን ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ይህን ውሻ መልሼ ካላወፈርኩትና መልሼ የእኔ ካላደረግኩት አለች በልቧ። ሹፌሩ ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ ጠብቃ ዳቦ በቅቤና በስኳር ቀብታ ከስፌት መኪናው ስር ታቀርብለታለች። ዳኛው ይመጣል፣ ይበላል፣ እጇን ይልሳል። ባሏ ሲመለስ ግን ጅራቱን እየቆላ ወደ እሱ ነው። እሷም በማግስቱ ስኳሩን ትጨምራለች። ስኳሩ በጨመረ ቁጥር ውሻው ከሳ። ከሳ፣ ከሳና አንድ ቀን ጠዋት ሹፌሩ ቁልፉን ሲያንቀጫቅጭ ጆሮውን ብቻ ነቅነቅ አድርጎ ባለበት ቀረ።

ያን ቀን አልተጣሉም። ሹፌሩ ውሻውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አቀፈው፣ እሷ ሻርፗን ጣል አደረገች፣ ወደ እንስሳት ሐኪም ቤት ሄዱ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ድምፅዋ ለስለስ ያለ። ከጆሮው ጠብታ ደም ወስዳ ትንሽዬ መሣሪያ ላይ አደረገችና ቁጥሩን አነበበች።

"እማማ፣ አባባ፣ ዳኛው ስኳር አለበት። እንደ ሰው ስኳር ማለት ነው። ለዚህ ነው እየበላ የሚከሳው፣ ውሃም የሚያበዛው።"

"እየበላ?" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"የበላው ደሙ ውስጥ ይቀራል እንጂ ሰውነቱ አይጠቀምበትም።"

ሹፌሩ ራሱን ነቀነቀ። "ገባኝ። ታንከሩ ሞልቷል፣ የነዳጁ ቱቦ ግን ተደፍኗል።"

"ልክ ነዎት አባባ!" ሐኪሟ ፈገግ አለች፣ ቀጥላ ግን ኮስተር ብላ፣ "ለመሆኑ ጣፋጭ የሚሰጠው ሰው አለ?" ብላ ጠየቀች።

ሹፌሩ ጣሪያ ያያል። ልብስ ሰፊዋ የሻርፗን ጫፍ ታሻለች። ዳኛው ጠረጴዛው ላይ እንደተጋደመ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን ያያል።

"ትንሽ ዳቦ..." አለች በመጨረሻ። "በስኳር።"

ባሏ ዞር ብሎ አፈጠጠባት። "አንቺ! እኔን ጨረስከው እያልሽ?"

"አባባስ?" አለች ሐኪሟ።

"እኔማ... ጠዋት ጠዋት፣ ስንዞር... አንዲት ኬክ እንካፈላለን። ግማሽ ለእኔ፣ ግማሽ ለእሱ።"

"ኬክ!" ልብስ ሰፊዋ ከወንበሯ ተነሳች። "እንደዚያ ቁልፍ ሲሰማ የሚፈነድቀው ለኬክ ነዋ! እኔ ደግሞ ለፍቅር መስሎኝ ሌት ተቀን እቃጠላለሁ!"

ሐኪሟ ሳቋን በእጇ ከለለች። ከዚያ ጣፋጩ ብቻውን በሽታውን እንዳላመጣው፣ ዕድሜም እንዳለበት፣ ነገር ግን እሳት ላይ ቤንዚን እንደሆነ በደግ አንደበት አስረዳቻቸው። ከእንግዲህ ጠዋትና ማታ፣ ምግቡን ሲጨርስ፣ መርፌ ይወጋል። አንድ ቀን እንኳ መዝለል የለም፤ ከተዘለለ ዳኛው አይኖርም።

"አንዳችሁ ትይዙታላችሁ፣ አንዳችሁ ትወጉታላችሁ። ማን ይወጋ?"

ሹፌሩ፣ "እኔ ወንዱ" ብሎ ሲሪንጁን ተቀበለ። ያ ስንት ገደል ለገደል መሪ ያዞረ ሰው ዓይኑን ጨፈነና የገዛ አውራ ጣቱን ወጋ። "ወይኔ እናቴ!" አለ።

"ወዲህ በል" አለችው ሚስቱ። የዳኛውን የአንገት ቆዳ በሁለት ጣቷ ጨርቅ እንደምታጥፍ ቆንጠጥ አደረገችና መርፌውን ሰደደችው፤ ለጀማሪ የሚያኮራ ነው። ዳኛው ግን አንድ ጊዜ እህ ብሎ ዞሮ አያት። አያትና አፍንጫውን በሹፌሩ ብብት ውስጥ ቀበረ።

ያ አስተያየት፣ ልጆቼ፣ ከመርፌው በላይ ወጋት። ታውቀዋለች። ልጆቿም ከክትባት ሲወጡ እንዲያ ነበር የሚያዩአት።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ነገሩ ሁሉ ተለየ። ዳኛው ከእሷ ሸሸ። መድኃኒቱን ልታወጣ ማቀዝቀዣውን ስትከፍት አልጋ ስር ነው። ሹፌሩ ጎትቶ ያወጣዋል፣ ደረቱ ላይ አቅፎ፣ "አይዞህ የእኔ ጀግና፣ አለሁልህ፣ አለሁልህ" ይለዋል። እሷ ትወጋለች። ከዚያ ሁለቱ ተያይዘው ወደ ወንበሩ ይሄዳሉ፣ እሷ ባዶ ሲሪንጅ ይዛ ትቀራለች።

"አለሁልህ ይለዋል እንዴ!" ትላለች ለስፌት መኪናዋ። "ከማን ነው የምታድነው? ከእኔ?"

አንድ ማታ ክፉ ሐሳብ መጣባት። ባሏ ውሻውን አቅፎ ሲያባብል እያየች፣ ለዛሬ ብቻ ብተወውስ? እንዲህ እንደ ጠላት ሳያየኝ አንድ ቀን እግሬ ላይ ቢተኛልኝስ? አለች። ሲሪንጁን እንደያዘች ቆመች። ግራ እጇ ዳኛው የለበሰው ካፖርት ላይ ነበር፤ ጣቷ ያን ሦስቴ ያጠበበችውን ድርብርብ ስፌት ነካው። ደነገጠች። ወጋችው።

ውሻውም ቀስ በቀስ አገገመ። ውሃ መጠጣቱ ቀነሰ፣ ጎድኑ ተሸፈነ፣ ካፖርቱ ሆዱ ላይ አልቆለፍ አለ። ባለሱቋ እንኳ፣ "እትዬ፣ አሁንስ ካፖርቱን ልትፈቺው ነው" አለቻት። ልብስ ሰፊዋ ደስ አላት። ግን የዳነው ውሻ የማን እንደሆነ ስታይ ደስታዋ ይጎድላል።

በዚህ መሃል ትልቋ ልጃቸው ደወለች። "እማዬ፣ አባዬን ላኪልኝ፣ መኪናዬ አስቸግራኛለች፣ ይይልኝ። አንድ ሁለት ቀን ይደር።"

"እኔስ?"

"አንቺማ ዳኛውን ጥለሽ የት ትመጫለሽ?"

"እሱስ ነው" አለች እናት። ስልኩን ዘግታ ግን፣ "ልጅም አባቷን፣ ውሻም አባቱን!" ብላ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

ሹፌሩ ሻንጣውን ሲይዝ ፊቱ ልክ አልነበረም። "ማን ይይዝልሻል? ባለሱቋን ልጥራት?"

"ያቺን ምላሰኛ? ሂድ፣ አውቃለሁ።"

ምኑን አውቃ! ማታ ዳኛው እራቱን በላ፣ ሳህኑን ላሰ፣ ማቀዝቀዣው ሲከፈት አልጋ ስር ጥልቅ። በሆዷ ተኝታ አየችው፤ እሱም ከጨለማው ውስጥ አያት።

"ና፣ አንተ ቅሌታም።"

አልመጣም።

"ና የእኔ አባት። ና የእኔ ሽማግሌ።"

ጅራቱ አንድ ጊዜ ወለሉን መታ። አልመጣም። ስኳር የለ፣ ኬክ የለ፣ የሚያታልሉበት የለ። እጇን ብትሰድ ይበልጥ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ጉልበቷ አመማት፣ ዕንባዋ መጣ። "እኔ እኮ ነኝ" አለችው። "የማበላህም እኔ፣ የማድንህም እኔ። እሱ ምን አደረገልህ? አቀፈህ! ማቀፍማ ማን ያቅተዋል?"

ተነሳች። ምን ታድርግ፣ ስትናደድም ሲከፋትም የምትሄደው አንድ ቦታ ነው። ሲሪንጁን ጠረጴዛው ጥግ አስቀምጣ ስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠች። ያን የጠበበ ካፖርት አንስታ በምላጭ ስፌቱን ፈታችው፣ አስፍታ እንደገና መስፋት ጀመረች። ቀኝ እግሯ ፔዳሉን ያዘ። መኪናው ትክ ትክ ትክ አለ።

ካፖርቱ ሊያልቅ ሲል ግራ እግሯ ላይ አንድ ነገር ከበደ።

ዝቅ ብላ አላየችም። አገጩን ታውቀዋለች፤ ክብደቱን፣ ሙቀቱን፣ ያን እርጥብ ጢሙን። ካፖርቱን ቀስ አድርጋ ከመኪናው ላይ አወጣች፣ ቀኝ እግሯ ግን አላቆመም። መርፌው ባዶ ብረት ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ትክ ትክ ይላል፣ ከስሩ ምንም ጨርቅ የለም። እንዲያ እየረገጠች ሲሪንጁን አንስታ ጎንበስ አለች፣ ቆዳውን ቆንጠጥ አደረገች፣ ወጋችው። ዳኛው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና አገጩን አመቻቸ። አልሄደም። እሷም ድምፁ እንዳይቋረጥ ብላ፣ ምንም ሳትሰፋ፣ እግሯ እስኪዝል ረገጠች።

ሹፌሩ ሲመለስ ቁልፉ ገና በሩ ውስጥ ሳይገባ ዳኛው እየጮኸ ሮጠ። ዘለለበት፣ አለቀሰለት፣ ፊቱን ላሰው። ልብስ ሰፊዋ አየች፤ እንደ ልማዱ ቅናት ትንሽ ቆንጠጥ አደረጋት።

"እንዴት አደረግሽ?" አላት ሻንጣውን ሳያስቀምጥ። "ማን ያዘልሽ?"

"ማንም።"

"ማንም? ያለ ያዥ? እንዴት ሆኖ?"

"ሆድ ይፍጀው።"

"ንገሪኝ እንጂ!"

"የእኔና የእሱ ነው።"

ሹፌሩ ወደ ውሻው ጎንበስ አለ። "ምን አደረገችህ? ንገረኛ! እኔ ሳልይዝህ እሺ አልካት?" ድምፁ ውስጥ አንዲት ቀጭን ነገር ነበረች። ልብስ ሰፊዋ ሰማቻት፤ ያቺን ድምፅ ከማንም በላይ ታውቃታለች። ዳኛው መሃላቸው ቁጢጥ ብሎ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየ።

ማታ እራቱን ሲጨርስ ሹፌሩ እንደ ልማዱ ሊያቅፈው እጁን ዘረጋ። እሷ ግን በሩን አሳየችው። "ውጣና ዝጋው።"

"እኔ? ከገዛ ቤቴ?"

"ላንድ አፍታ።"

ወጣ፤ ግን ራቅ አላለም። በሩ ላይ ጆሮውን ለጥፎ ቆመ። ከውስጥ የስፌት መኪናው ተነሳ፣ ትክ ትክ ትክ።

"ምንድነው የምትሰፊው በዚህ ሰዓት?" ብሎ ጮኸ።

"ምንም!" አለችው ከውስጥ፣ እግሯ ላይ ያለው እንዳይነቃ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።