የማንሻው ገመድ

"ባህሩ! መስታወቱን ክደንና ዙሪያውን ሲሊኮን ቀባው፤ ያላ፣ ያላ!" አለ ሙዲሩ፣ ዓረቡ አለቃቸው አቡ ናስር፣ ከወርክሾፑ በር ላይ ሆኖ። "ሞዴሉን ያዘዙት መሐንዲሶች ከአሱር ሶላት በኋላ ይመጣሉ።"

ባህሩ የሲሊኮኑን ቱቦ አንስቶ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። ጠረጴዛው ላይ የአንድ ሙሉ የወርቅ ማዕድን ማውጫ ሞዴል ተዘርግቷል፤ ትልቁ የጭነት መኪና እንኳ ከአውራ ጣት አይበልጥም። የድንጋይ መፍጫውን፣ ማጓጓዣ ቀበቶዎቹን፣ መኪናዎቹን የሠራው እሱ ነው፤ ቧንቧውን ከሐኪም መርፌ፣ ባለጥርስ መዘውሮቹን ባጥሐ ገበያ ካሉ ሰዓት ጠጋኞች ከለቀመው አሮጌ ሰዓት። ሁለት ወር ሙሉ ዓይኑን አጥፍቶበታል። ግን ማን ያይለታል? የሚገባ የሚወጣው ሁሉ የሚያፈጠው መሃል ላይ በቆመው ማንሻ ላይ ነው፤ ሰውና ድንጋይ ከጉድጓድ በሚያወጣው፣ ሁለት ሳጥን በተንጠለጠለበት ማሽን ላይ። እሱን የሠራው ደግሞ መርዕድ ነው።

መርዕድ! ከመጣ ገና ሦስት ወር ያልሞላው፣ አዲስ አበባ የቪላ ሞዴል ሲሠራ የኖረ፣ የማዕድን ጉድጓድ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ልጅ! ባህሩ ግን አገር ቤት ስድስት ዓመት ሙሉ የማንሻ ሞተር ላይ ሠርቷል። እንዴት አይቅና! ሥራው ሲከፋፈል ሙዲሩ ምን አለው? "ባህሩ፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል። ማንሻውን መርዕድ ይሥራው፤ ኸላስ።" ያውም በሰው ፊት! ከዚያ ቀን ጀምሮ አንጀቱ እንዳረረ ነው። መርዕድ ሲስቅ ይናደዳል፣ ሲያፏጭ ይናደዳል፤ ሙዲሩ "ማሻአላህ፣ እጅህ ወርቅ ነው" ባለው ቁጥርማ ምሳው አይዋጥለትም።

አንድ ቀን መርዕድ የእውነተኛ ማንሻ ፎቶ ይዞ መጥቶበት ነበር።

"ጋሽ ባህሩ፣ ይኼ መቼም ያንተ ሙያ ነው። ገመዱ እንዴት እንደሚጠመጠም እስቲ አሳየኝ።"

"ፎቶ ተሰጥቶህ የለ? እሱን ተከተል።"

"ከአንድ ጎን ብቻ ነው እኮ የተነሳው።"

"ወንድሜ፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ ምን ያሳይሃል?" ብሎ ጀርባውን ሰጠው።

አሁን መስታወቱን ለመክደን ሲያጎነብስ ዓይኑ ገመዱ በተጠመጠመበት በርሜል ላይ ቀረ። ከጆሮ ማዳመጫ ሽቦ የተፈተሉት ሁለቱ ገመዶች፣ ሁለቱም ከበርሜሉ አናት ላይ ነው የሚወጡት። ሁለቱም! አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከሥር መውጣት ነበረበት፤ አንዱ ሳጥን ሲወጣ ሌላው እንዲወርድ። በዚህ አያያዝማ በርሜሉ ቢዞር ሁለቱም ሳጥኖች አብረው ሽቅብ ይወጣሉ። ሞዴሉ ስለማይንቀሳቀስ አቡ ናስር አይነቃበትም። መሐንዲሶቹ ግን ገና አንዴ ሲያዩት ይስቃሉ።

የባህሩ አንጀት ቅቤ ጠጣ። 'እሰይ! ወርቅ እጅ! አሁን እንተያያለን' አለ በሆዱ።

"በአንድ በኩል ልያዝልህ?" ብሎ መርዕድ ከኋላው ደረሰ። መስታወቱን ተጋግዘው አሳረፉት። መርዕድ ግን አልሄደም።

"ሙዲሩ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? መሐንዲሶቹ ከወደዱት ኢቃማ አውጥቶ ሕጋዊ ነዋሪ ያደርገኛል። ከሳቁበት ግን ኹሩጅ ይመታብኛል፣ ወደ አገሬ ነኝ። ባለቤቴ ሃይማኖት ትናንት ደውላ 'ተረጋጋህ ወይ?' ስትለኝ 'ነገ ይለይለታል' አልኳት።" ወደ መስታወቱ ጎንበስ አለ። "እስቲ ሳትዘጋው ማንሻዬን እይልኝ። የጎደለው ነገር አለ?"

ባህሩ የሲሊኮኑን ቱቦ ከፈተ።

"ምን ይጎድለዋል? እጅህ ወርቅ አይደል እንዴ!"

የመርዕድ ፊት በራ። "አንተ ካልክማ በቃ! አሁን ልቤ አረፈ" አለና ሻይ ሊያመጣ ወጣ።

ባህሩ አንዱን ጎን ቀባ። ሁለተኛውንም ቀባ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ቱቦውን ከመስታወቱ አነሳ። ልጁ ጠይቆት ነበር እኮ! ፎቶውን ይዞ እፊቱ ቆሞ ለምኖት ነበር። አሁንም ጠየቀው፤ አሁንም ዋሸው። ቢነግረው ደግሞ ማንሻው እንከን አይወጣለትም፤ ምስጋናውም ዞሮ ዞሮ የመርዕድ ይሆናል። ይኼም አንጀቱን አቃጠለው።

ቱቦውን አስቀመጠና ምላጭ አንስቶ ያልደረቀውን ሲሊኮን ይፍቅ ጀመር።

መርዕድ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ ገባና ባለበት ደርቆ ቀረ። "ምነው ጋሽ ባህሩ? ምን ሆነ?"

"የቀኙ ገመድ ተሳስቷል። ከሥር ነው መውጣት ያለበት።"

የልጁ ፊት አመድ መሰለ። "ታዲያ ቅድም ስጠይቅህ..."

"ቅድም ቀንቼብህ ነበር" አለ ባህሩ ቀና ሳይል። "አሁንም እቀናብሃለሁ። ወረንጦውን አምጣ። እኔ አሳይሃለሁ፣ አንተ ትጠመጥማለህ። ያላ፣ አሱር ሳይደርስ!"