የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ፈተና

ዓለምጸሃይ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ባለ አንድ የግል ሆስፒታል ካርድ ክፍል ውስጥ ስድስት ዓመት በኮንትራት ሠርታለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እሷንና ልጇን ፍዮሪን ያኖረው ይኸው ሥራ ነው። ዘንድሮ ግን አስተዳደሩ ኮንትራት መቅረቱን፣ ቋሚ መሆን የሚፈልግ ሁሉ አፕቲትዩድ የሚባለውን የችሎታ ፈተና ተፈትኖ ማለፍ እንዳለበት አስታወቀ። ከውጭም አመልካቾች ተጠሩ።

ሁለት ወር ሙሉ ፍዮሪ አስጠናቻት። «እማ፣ ሁለት፣ ስድስት፣ አሥራ ስምንት… ቀጥሎስ?» ትላታለች። ዓለምጸሃይ ትምህርት ካቆመች ሃያ ዓመት አልፏታል። ሲምታታባት ጓዳ ገብታ ታለቅስና ፊቷን ታጥባ ተመልሳ ትቀመጣለች።

የፈተናው ቀን ፎቅ ላይ ባለው አዳራሽ ተሰበሰቡ። ስልሳ ጥያቄ፣ አርባ አምስት ደቂቃ። ሃያ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ነርሷ ብሩክታይት እያለከለከች በሩን ከፈተች።

«ዓለም፣ የወይዘሮ ዙህራን ካርድ አጣነው! ማዋለጃ ክፍል ናት፣ ደም እየፈሰሳት ነው። የትኛው መድኃኒት እንደማይስማማት ዶክተሩ ማወቅ አለበት፤ እሷ ራሷን ስታለች።»

ፈታኙ ሰዓቱን አየ። «መውጣት ይቻላል። ሰዓቱ ግን አይቆምም።»

ቦታውን ነግራ ብትልካት እንደማታገኘው ዓለምጸሃይ ታውቃለች፤ ቧንቧ ፈንድቶ ክፍሉ የራሰ ጊዜ የዙህራን ጨምሮ የቆዩትን ካርዶች ያዛወረችው ብቻዋን ነው። ተነስታ ሮጠች። ሣጥን በሣጥን ፈልጋ ካርዱን ለብሩክታይት ሰጥታ ስትመለስ ስድስት ደቂቃ ቀርቷል። የቀረውን መልስ በግምት አጠቆረች።

ወይዘሮ ዙህራ ተረፈች። ዓለምጸሃይ በሁለት ነጥብ ወደቀች።

የሰው ኃይል ኃላፊው አቶ ናታን ቢሮ ገብታ ለመነችው። «እባክዎ፣ ዶክተሩን ይጠይቁልኝ። ጊዜው ያለፈብኝ ሥራዬን ስሠራ ነው።»

«አውቃለሁ። ግን ለአንድ ሰው ደቂቃ ከጨመርኩ ሌሎቹ ይከሱኛል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጥሩ የሥራ ልምድ ደብዳቤ እጽፍልዎታለሁ። እስከዚያ ያለፈችውን ልጅ ያሰልጥኑልን።»

እምቢ ልትል አፏን ከፈተች። ያለ ደብዳቤው የትም እንደማትቀጠር ትዝ ሲላት ዘጋችው።

ያለፈችው ልጅ ኢየሩስ ትባላለች። በማግስቱ አዲስ ደብተር ይዛ መጣች። ዓለምጸሃይ ልትጠላት ሞከረች። ልጅቷ ግን ከተመረቀች አራት ዓመት ሥራ ስትፈልግ እንደኖረች፣ የተፈተነችውን ብዛት መቁጠር እንደተወች አፍራ ነገረቻት። መጥላቱም አልሆነላትም። መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ አሳየቻት።

ምሳ ሰዓት ላይ፣ መውደቋን ገና ያልነገረቻት ፍዮሪ ደወለች። «እማ፣ ውጤት ተለጠፈ?»

«ወደቅኩ፣ ልጄ።»

«ከበደሽ እንዴ?»

«አይ፣ አልከበደኝም» አለች ዓለምጸሃይ። ስልኩን እንደያዘች መደርደሪያዎቹ መካከል መሬት ላይ ቁጭ አለች።