ቁልፉ የሚዘጋው

መምህር ዓብዲፈታሕ አንድ አንቀጽ ያስሸመድደናል። አሕመድ ዳጋህ በሚባለው ሰፈር፣ ከጎማ መጠገኛው በላይ በተከራየው ክፍል የምንማር ሁሉ ያንኑ አንቀጽ በእንግሊዝኛ እንደ ዳዊት እንደግማለን። አንቀጹ ስለ አንድ አሮጌ ተውኔት ነው፦ ሦስት ሴት ልጆቹን ቤት ዘግቶ ስላሳደገ ነጋዴ። በየገቢሩ ወገቡ ላይ የቁልፍ ዘለላ አለ። «ቁልፉ የአባት ጥበቃ ምልክት ነው» ይላል የመምህር አንቀጽ። አለቀ፣ ደቀቀ።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ትምህርት ቤት አልገባሁም። አባቴ ተፈሪ የበርበራን መንገድ በከባድ መኪና ይመላለሳል፤ እንግሊዝኛ የተማርኩት እሱ ከወደብ ከሚለቅምልኝ ሽፋን የለሽ መጻሕፍት ነው። ማንም ማንበብ አላስተማረኝም፤ እንዴት እንደማነብም ማንም አያዝዘኝም። ችግሩ፣ በግል ለምንወስደው የእንግሊዝኛ ፈተና የሚያስመዘግበን መምህር ነው። የጻፈውን ያልወደደለት ሰው አይመዘገብም።

ስለ ተውኔቱ የምንጽፍበት ቀን ናስራ በክርኗ ጎሰመችኝ። ጅጅጋ ያደገች ጓደኛዬ ናት።

«ረድኢት፣ ያንኑ ጻፊና እንገላገል። ዘንድሮም ከቀረሽ ወላሂ አላዝንልሽም።»

«ሰው ያኘከውን አልውጥም።»

«እንግዲያው ጦምሽን እደሪ።»

የጻፍኩት ይህን ነው፦ ቁልፉ በተውኔቱ ውስጥ አንድም በር አይከፍትም። የሚሰማው ከልጆቹ አንዷ አፏን ስትከፍት ነው። ትልቋ «አባዬ፣ እኔ ግን» ስትል ያቃጭላል፤ ዝም ትላለች። መካከለኛዋ ስለ ጋብቻዋ ልትጠይቅ ስትል ያቃጭላል፤ ዝም ትላለች። አባትየው ሲሞት ትንሿ መጀመሪያ ያደረገችው ዘለላውን በጨርቅ መጠቅለል ነው። ለመታሰቢያ ብትፈልገው ወገቧ ላይ ታስረው ነበር። የጠቀለለችው እንዳይሰማ ነው። ቁልፉ የሚዘጋው በር አይደለም፤ አፍ ነው።

መምህር ወረቀቱን አንብቦ ቀና አለ። ድሬዳዋ ስለተማረ አማርኛው ከኔ ይጣፍጣል።

«ይህን እኔ አላስተማርኩሽም።»

«አዎ፣ አላስተማሩኝም።»

ክፍሉ ሳቀ። መምህር እንደ ልማዱ የበሩን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ አቃጨለ፤ ሁሉም ጸጥ አለ።

«የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር በእኔዋ ቀይሪያት። አሁኑኑ አስመዘግብሻለሁ።»

«አልቀይርም።»

«ትቀሪያለሻ።»

«እቀራለሁ። ግን መጀመሪያ ለክፍሉ ጮክ ብለው ያንብቡልኝ። ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ ያሳዩንና ያስቀሩኝ።»

ናስራ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፈነች። መምህር ወረቀቱን በግራ፣ ቁልፉን በቀኝ እጁ እንደያዘ ማንበብ ጀመረ። ስህተቱን ለማግኘት እየፈጠነ ሄደ። ትልቋ ልጅ ጋ ሲደርስ ዘገየ። መካከለኛዋ ጋ ሲደርስ ከኋላ አንዱ ሳቁን ሊያፍን ሞከረና አመለጠው። የመምህር ቀኝ እጅ ለማቃጨል ተነሣ።

አየር ላይ ቀረ።

ሁላችንም እጁን አየን፤ እሱም አየው። ከዚያ ቁልፉን ቀስ አድርጎ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረውና እስከ መጨረሻው ቃል አነበበ። ሳቁ ሲቀጥልም አላስቆመም።

«ስህተቱስ?» አልኩት።

«አልተስማማሁበትም» አለ። «አልተስማማሁም ማለት ተሳስተሻል ማለት አይደለም። ስምሽ ግን የለበትም።»

«የሚቀደድ ወረቀት ስም ምን ያደርግለታል ብዬ ነው።»

ወረቀቱን መለሰልኝ፤ እስክሪብቶውንም ጨመረ። ስሜን ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ከዳር እስከ ዳር ጻፍኩት። ጠረጴዛው ላይ ከተቆለሉት የሚመዘገቡ ተማሪዎች ወረቀቶች ላይ ያኖርኩትም ራሴ ነኝ።