እጆቹ ብቻ የታዩበት ሥዕል

ጠጅቱ ሳንቲሟን ብርጭቆው ላይ ስትመታ ዋሽንት ነፊው ገና ሁለተኛ ትንፋሹን አልጨረሰም ነበር።

"ሰበታ!" አለ መድረኩ ላይ የቆመው ፍቅረሥላሴ። "ቅኝቱ ምንድን ነው?"

"አንቺሆዬ።"

"ትክክል!"

አዳራሹ አጨበጨበ። ከጎኗ የተቀመጠው ወንዲ ጠረጴዛውን በቡጢ ደለቀው።

"ዘጠኝ ለስድስት! እትዬ ጠጅቱ፣ ዛሬስ ጨረስናቸው!"

"አትጩህ፤ ገና ነው" አለችው። ፈገግታዋን ግን መደበቅ አልቻለችም።

እሑድ ከሰዓት ነበር። የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ የጥንት ሳንቲም ወዳጆች ማኅበር አባላት ሱሉልታ ውስጥ አንድ ሆቴል አዳራሽ ተሰብስበዋል። ጠዋቱን ሳንቲም ሲለዋወጡ፣ ሲከራከሩና ሲኳረፉ ውለዋል። ሳንቲም ሰብሳቢዎች ተገናኝተው በሰላም የተለያዩበት ጊዜ ስለሌለ ነው የማኅበሩ ሊቀ መንበር ፍቅረሥላሴ ከስድስት ዓመት በፊት የሙዚቃ ጥያቄና መልስ ውድድር ያስጀመረው። "በዋጋ የተጣላ በዘፈን ይታረቃል" ብሎ ነበር። አሁን ጠቡ ሁሉ ወደ ውድድሩ ተዛውሯል።

ከየከተማው ሁለት ሁለት ሰው ይወዳደራል። መልስ ያወቀ ሳንቲሙን ብርጭቆ ላይ ይመታል። ያሸነፈ ከተማ ማኅበሩ በጋራ የገዛቸውን አርባ ሁለት ሳንቲሞች የያዘውን የእንጨት ሣጥን ዓመት ሙሉ ይዞ ይቆያል፤ የሚቀጥለውን ዓመት ውድድር ደንብም ያወጣል። ሣጥኑ ሰበታ ደርሶ አያውቅም።

ጠጅቱ ሥልሳ አንድ ዓመቷ ነው። ዓለም ገና አጠገብ ከገበሬ ቤት ተወለደች፤ በአራት ዓመቷ ኩፍኝ ዓይኗን ወሰደው። ሰበታ የዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤት ገብታ ፊደልንም ክራርንም በጣቶቿ ተማረች። ከዚያ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ሆና ሠርታ ጡረታ ወጣች። ሳንቲም መሰብሰብ የጀመረችው እዚያው ፋብሪካ፣ አንድ ቀን በመልስ መሃል ጠርዙ እንደ አበባ የተከረከመ አሮጌ ሃያ አምስት ሳንቲም እጇ ሲገባ ነው። ያን ጠርዝ እየዳሰሰች ስልክ ስታገናኝ ዋለች። ሌላው ሰው የንጉሡን መልክ ያያል፤ እሷ ጠርዙን፣ ክብደቱንና ድምፁን ታውቃለች። የራሷ ስብስብ ግን ትናንሽ ሳንቲሞች ብቻ ነው፤ ጠገራ ብር ለመግዛት ጡረታዋ አይደርስም።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ በተማረችበት ትምህርት ቤት ለልጆች ክራር ታስተምራለች። ባለፈው ዓመት ሶያማ የምትባል ተማሪዋ "ጠገራ ብር ምን ያህላል? እንደ ሳህን ነው?" ብላ ጠየቀቻት። ጠጅቱ ጠገራ ብር ያለበትን ሣጥን ለአንድ ቀን እንዲያውሷት ማኅበሩን ለመነች። ኮሚቴው አልፈቀደም። "የማኅበሩ ሳንቲም በመስታወት ውስጥ ይታያል እንጂ አይነካም" አሏት። ዛሬ ከሰበታ ሦስት ታክሲ ቀያይራ የመጣችው ለዚህ ነው።

ፍቅረሥላሴ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እንግዲህ ሦስተኛውና የመጨረሻው ዙር አምና ያሸነፈችው ሱሉልታ ያወጣችው አዲስ ደንብ ነው። አምስት ሥዕሎች ግድግዳው ላይ ይታያሉ። ጥያቄው ከሥዕሉ ይወጣል።"

ጠጅቱ ሰዎች ወደ እሷ መዞራቸውን ከወንበሮቹ ሲጢጥታ አወቀች።

ወንዲ ብድግ አለ። ዓለም ገና ላይ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሲናደድ መቀሱ እጁ ላይ ያለ ይመስል ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል። "ይሄ ምን ማለት ነው? ጓደኛዬ እንደማታይ እያወቃችሁ?"

"ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው፤ ማየት የሚችል አጋር አላቸው" አለ ፍቅረሥላሴ፤ ድምፁ ግን እንደ ቃሉ አልጠነከረም። "ወይዘሮ ጠጅቱ፣ ካልተመቸዎት..."

"ቀጥሉ" አለች ጠጅቱ። "ወንዲ፣ ቁጭ በል።"

ሃያ ስምንት ዓመት ከስልኩ ወዲያ ማዶ ያሉ ሰዎች ዓይነ ሥውር መሆኗን ሳያውቁ አክብረዋታል። እዚህ፣ ስሟን የሚያውቁ ሰዎች መሃል፣ እንዲህ ይደረግባታል ብላ አልጠበቀችም።

የመጀመሪያው ሥዕል የአሮጌ ካሴት ሽፋን ነበር። "የማን ነው?" ተባለ።

"ንገረኝ፣ ምን ይታያል?" አለችው ወንዲን በሹክሹክታ።

"ሰውዬ ነው። ኮት ለብሷል። ፀጉሩን አጎፍሯል።"

"ወንዲ፣ በዚያ ዘመን ያላጎፈረ ዘፋኝ ማን ነበር? ሌላስ?"

"ሌላማ... ይስቃል።"

ከቡራዩ ጠረጴዛ ብርጭቆ ጮኸ። የመለሱት ኦቦ ጂሬኛ ነበሩ። እኚህ ሽማግሌ ቡራዩ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ካሴት ሲሸጡ ኖረዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ የመለሰችው ሁሉ ልጃቸው ሔለን ነበረች። አሁን ግን ሽፋኑን ገና ከማየታቸው የዘፋኙን ስም ካሴቱ ከወጣበት ዓመት ጋር ተናገሩ። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ። አራተኛውን የሱሉልታ ሰዎች ነጠቁ።

"ሰበታ ዘጠኝ፣ ቡራዩ ዘጠኝ፣ ሱሉልታ አምስት" አለ ፍቅረሥላሴ። "አሁን የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ሰበታን ወይም ቡራዩን ይለያል። በዚህ ሥዕል ላይ መሣሪያው ተሸፍኗል፤ የሚታዩት የተጫዋቹ እጆች ብቻ ናቸው። መሣሪያው ምንድን ነው?"

የቡራዩ ብርጭቆ ወዲያው ተመታ።

"ክራር!" አሉ ኦቦ ጂሬኛ፣ አዳራሹን በሚያናውጥ ድምፅ።

"አይደለም። ዕድሉ የሰበታ ነው፤ ሠላሳ ሰከንድ አላችሁ።"

ወንዲ ተርበተበተ። "እጅ ብቻ ነው እትዬ። ሁለት እጅ። እኔ ምኑን አውቄው ልንገርዎት? ማሲንቆ እንበል?"

"ማሲንቆ ከሆነ በቀኙ ደጋን ይዟል፤ ይዟል?"

"ባዶ ነው።"

"እንግዲያው አፍህን ተወውና እጄን ያዝ። የሰውዬውን እጅ እያየህ የእኔን እንደዚያ አድርገው።"

"እዚህ? ሰው ፊት?"

"ቶሎ በል!"

ወንዲ ከወንበሩ ተነስቶ ከኋላዋ ቆመ። ግራ እጇን ወደ ፊት ዘረጋው፤ ከፍ አደረገው፤ ግድግዳውን አየና መልሶ ትንሽ ዝቅ አደረገው። ጣቶቿን አንድ በአንድ አጎበጠ፤ በየጣቱ መሃል ያለውን ርቀት ደንበኛውን እንደሚያስተካክል ሰው አንገቱን ዘንበል አድርጎ እያየ አሰፋው። ቀኝ እጇን ደግሞ ላላ አድርጎ አስቀመጠው።

"አሥር ሰከንድ" አለ ፍቅረሥላሴ።

"አውራ ጣቱ እዚህ ነው?"

"አይ፣ ትንሽ ራቅ ይላል። እንደዚህ።"

አውራ ጣቷ ሲርቅ ጠጅቱ እጇን ባለበት አጸናችው። ክራርን ሃምሳ ዓመት አቅፋዋለች፤ አውታሮቹ የተጠጋጉ ናቸው፤ ጣት እንዲህ አይበታተንም። ክንድም እንዲህ አይዘረጋም። ይህ እጅ የሚነካቸው አውታሮች ወፋፍራምና የተራራቁ ናቸው። ተማሪ ሳለች አንድ የዐቢይ ጾም ሙሉ እንዲህ ተቀምጣ ጣቷ እስኪላጥ ተለማምዳለች፤ ጭንቅላቷ ከመናገሩ በፊት ትከሻዋ አወቀው።

"በገና ነው" አለች።

ፍቅረሥላሴ መሸፈኛውን አነሳ። ወንዲ መጮህ ሲጀምር ነው ትክክል መሆኗን ያወቀችው።

"በገና! በገና ነው! እትዬ ጠጅቱ!"

አዳራሹ ተነስቶ ቆመ። ወንበር ተገለበጠ፤ ብርጭቆ ተሰበረ፤ የሱሉልታ ሰዎች እንኳ ሳንቲማቸውን በጠረጴዛ ላይ እየመቱ ያጅቧት ጀመር። ወንዲ ሣጥኑን ከመድረክ አምጥቶ ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። ከበድ ያለ ነበር። ጠጅቱ በሁለት እጇ አቀፈችው፤ ዕንባዋ መጣባት፤ አላበሰችውም።

"የሰበታ ደንብ ከዛሬ ይጀምራል" አለች። "መስታወቱን ክፈትልኝ።"

ወንዲ ከፈተው። ጣቷን ሰደደችና ጠገራውን ብር አገኘችው፤ አወጣችው፤ መዳፏ ላይ አገላበጠችው። ከጠበቀችው በላይ ሰፊና ቀዝቃዛ ነበር። አይነካም ያለ ሰው አልነበረም።

በዚህ መሃል አንድ ሻካራ መዳፍ እጇን ጨበጠው።

"ክራር መስሎኝ እኮ ነው!" የኦቦ ጂሬኛ ድምፅ ነበር። "በርቺ! በርቺ!"

"አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ጂሬኛ? ደህና ነዎት? እርስዎም አስጨነቁን እኮ" አለቻቸው።

መልስ አልሰጧትም። እጇን ብቻ ይወዘውዛሉ። ተቀይመው ይሆን ብላ ስታስብ ሔለን ጆሮዋ አጠገብ ጎንበስ አለች።

"አይሰማም፣ እትዬ። ሁለት ዓመት ሆነው፤ ጥያቄውን በምልክት እነግረዋለሁ። ዘፈን ሲከፈት ዝም ብሎ የሰውን ፊት እያየ ነበር የሚያጨበጭበው። አልመጣም ብሎ ሲያስቸግረኝ የሥዕሉን ዙር እንዲያስገቡ ሱሉልታዎችን የለመንኩት እኔ ነኝ። እርስዎን አላሰብኩም። ይቅር ይበሉኝ።"

ጠጅቱ የሽማግሌውን እጅ አልለቀቀችም። ያን ሁሉ ዘመን ሙዚቃ ሲሸጥ የኖረ ሰው ዋሽንቱ ሲነፋ ምን ይዞ እንደሚቀመጥ አሰበች።

ፍቅረሥላሴ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ መጣ።

"ወይዘሮ ጠጅቱ፣ የሚቀጥለውን ዓመት ደንብ የምታወጡት እናንተ ናችሁ። የሥዕሉን ነገር ስህተት ሠርተናል መሰለኝ። ልሰርዘው?"

"ይሰረዝ እንጂ!" አለ ወንዲ።

"አይሰረዝም" አለች ጠጅቱ። "አምስት የነበረውን ስድስት ይበሉት። የካሴት ሽፋንም አይጉደልበት።"

ወንዲ ደነገጠ። "እትዬ! ኦቦ ጂሬኛ እኮ ጠራርገው ይወስዱታል። ከርሞ ሣጥኑ ቡራዩ ገባ ማለት ነው!"

"ይግባ" አለች፣ የሽማግሌውን እጅ እንደያዘች። "እስከዚያ ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤቱ ልጆች እጅ ላይ ነው። ይጻፉት፣ አቶ ፍቅረሥላሴ።"